ሥጋው ማኅተም አለው፤ ልጁስ?

መቼም ቄራ ሲባል መጀመሪያ ትዝ የሚላችሁ ሥጋ ነው። አንክድም። ሰፈራችን ስሙን ያገኘው ከከብት ማረጃው ነው። አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ጎረቤት እስኪመስለን ድረስ በየጣሪያው ላይ እያየነው ነው ያደግነው። "ሰፈራችሁ የት ነው?" ተብለን "ቄራ" ካልን፣ ቀጥሎ የሚመጣው "ታዲያ ጥሬ ሥጋ መቼ ነው የምትጋብዙን?" ነው። ኪስ ይፍቀድ እንጂ እንጋብዛለን። የዛሬው ወሬያችን ግን በሥጋ ይጀምራል እንጂ በሥጋ አያልቅም።

አንድ በሬ በወጉ ታርዶ ሥጋ ቤት ከመድረሱ በፊት ምን እንደሚደረግበት ታውቃላችሁ? መጀመሪያ በቁሙ ይታያል። ከታረደ በኋላ ደግሞ የሥጋ መርማሪው ቢላውን ይዞ ይመጣል። ጉበቱን ይሰነጥቃል፣ ሳንባውን ይዳስሳል፣ ልቡን፣ ምላሱን፣ የመንጋጋውን ጡንቻ በስሱ እየከፈተ የኮሶ ትል ዘር ተደብቆ እንደሆነ ይፈልጋል። ጤነኛ ሆኖ ሲገኝ ማኅተም ይመታበታል። ማኅተም የሌለው ሥጋ ሕገ ወጥ ነው፤ የሸጠ ይጠየቃል። የከተማው ሥጋ ጎህ ሳይቀድ በየሥጋ ቤቱ ደጃፍ እንዲደርስ ደግሞ እርዱም ምርመራውም በሌሊት ይሠራል። "መርማሪው ተኝቷል፣ ጠዋት ኑ" የሚባል ነገር የለም።

አሁን ወደ ልጅ እንምጣ። የስምንት ወር ሕፃን ነው። ሲተኩስ ሁለት ቀኑ ነው፣ ያስመልሰዋል፣ ጡት እምቢ ብሏል፣ ዛሬ ማታ ደግሞ አንዴ አንቀጠቀጠው። ሆስፒታል ተወሰደ። ሐኪሙ ማጅራት ገትር ጠረጠረ። ከዚህ በኋላ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው፣ ከጀርባው ጥቂት ፈሳሽ ወስዶ ላቦራቶሪ መላክና የያዘውን ማወቅ። ሁለተኛው፣ ሳይመረመር መርፌ እየወጉ "እግዜር ያውቃል" ማለት። እናም በዚች አገር ስንቱ ልጅ ነው በሁለተኛው መንገድ የሚሄደው! የበሬ ምላስ እንኳ ሳይከፈት አያልፍም። የልጃችን ጉዳይ በግምት ሲያልፍ ግን ማንም "ማኅተሙ የታለ?" አይልም።

የዛሬ ጽሑፋችን ይቺን አንዲት ነገር ብቻ ነው የምትለው፦ ማኅተሙን እንጠይቅ!

ስሙ ራሱ ያሳስታል

ማጅራት ገትር። ቋንቋችን ስም ሲያወጣ ጎበዝ ነው። በሽታው ማጅራት ይገትራል፣ ስለዚህ ማጅራት ገትር ነው፤ አለቀ። ችግሩ፣ ይኼ ስም የሚስማማው ለትልቅ ሰው መሆኑ ነው። ትልቅ ሰው በዚህ በሽታ ሲያዝ አንገቱ ይደርቃል፣ አገጩን ከደረቱ ማገናኘት ያቅተዋል፣ ራሱን ይፈልጠዋል፣ ብርሃን ይጠላል። የስምንት ወር ሕፃን ግን "ራሴን አመመኝ" ብሎ አይናገርም። ማጅራቱም ብዙ ጊዜ እንደለሰለሰ ይቀራል። በተለይ ከዓመት ከመንፈቅ በታች የሆነ ልጅ አንገቱ ስላልደረቀ ብቻ በሽታው የለበትም ማለት አይቻልም። ምልክቶቹ ሌሎች ናቸው፦ ትኩሳት፣ ማስመለስ፣ ጡት እምቢ ማለት፣ ሲያቅፉት ዝም በማለት ፈንታ ይበልጥ መነጫነጭ፣ ዝልፍልፍ ብሎ መተኛት፣ ማንቀጥቀጥ፣ አንዳንዴም የእርግብግቢት ተወጥሮ መነሳት። አራስ ሲሆን ደግሞ ጭራሽ ትኩሳቱም ሊቀር፣ ሰውነቱም ሊቀዘቅዝ ይችላል።

እኛስ ይህን ስናይ ምን እንላለን? "ምች መታው"፣ "ጥርስ እያወጣ ነው"፣ "ዓይን በልቶት ነው"። ዳማከሴ ይታሻል። ከዳማከሴ ጋር ጠብ የለንም፤ እንዲያውም ሽታዋን እንወዳታለን። ግን ጎበዝ፣ የሳንባ ምች፣ የጆሮ ሕመም፣ ወባና ማጅራት ገትር ሕፃን ላይ መጀመሪያ ሲመጡ መልካቸው ይመሳሰላል። ሐኪም ቢሆንም በዓይኑ ብቻ አይቶ አይለያቸውም።

መሳሳቱ ደግሞ ዋጋው ቀላል አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ከሚያዙ ስድስት ሰዎች አንዱ ይሞታል፤ ከአምስቱ አንዱ ደግሞ ከባድ ጉዳት ይዞ ይቀራል። ጆሮው የማይሰማ ልጅ፣ የሚጥል በሽታ የያዘው ልጅ፣ መራመድ የተቸገረ ልጅ… ከእነዚህ መሃል "ልጅ ሳለ ትኩሳት ነክቶት ነው" የተባለለትን የማያውቅ ሰፈር አለ? ያ "ትኩሳት" ስም ሳይወጣለት ያለፈ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላል።

"ውሃው ከተቀዳማ አለቀለት!"

አንጎላችንና ህብለ ሰረሰራችን ጥርት ባለ ፈሳሽ ውስጥ ነው የሚኖሩት። ባክቴሪያው የሚራባው እዚያ ነው። ስለዚህ ደም መስጠት ብቻውን አይበቃም፤ ከወገብ ላይ በቀጭን መርፌ ጥቂት ፈሳሽ መወሰድ አለበት። ሐኪሙ ይህን ሲናገር ነው እንግዲህ ቤት የሚናጋው። እናት ታለቅሳለች። አባት ስልኩን ያወጣል። አክስት ከቄራ፣ አጎት ከካዛንቺስ፣ የክርስትና እናት ከጎተራ ይጠራሉ። ኮሪደሩ ላይ ጉባኤ ይሰየማል። የጉባኤው ውሳኔም የታወቀ ነው፦ "የእገሌ ልጅ ውሃ ቀድተውለት በማግስቱ ሞተ"፣ "የእገሊት ልጅ እግሩ ተያዘ"። ወረቀቱ ላይ "አልተስማማንም" ተብሎ ይፈረማል።

ከእኛ መሃል አንዱ እንዲህ ያለ ጉባኤ ላይ ተቀምጦ ያውቃል። የእህቱ ልጅ ነበር፤ ሆስፒታሉ ስሙ ይቆየን። ሦስት ሰዓት ሙሉ ከተከራከሩ በኋላ አንዲት ነርስ መጥታ ከአያትየው አጠገብ ቁጭ አለች። ከካርዱ ጀርባ ላይ የጀርባ አጥንት ሳለች።

"እማማ፣ ገመዱ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። መርፌው የሚገባው ደግሞ እዚህ፣ ከገመዱ በታች ነው።"

"እና ገመዱን አይነካውም?"

"አይነካውም እማማ።"

"ታዲያ ልጄ፣ ይኼን ከመጀመሪያው ማን ነገረን?"

አያትየው እንዲህ ብለው ፈቀዱ። ሦስት ሰዓት የፈጀው ክርክር በአንድ ሥዕል አለቀ። እውነት ነው፣ ማንም አልነገረንም። መርፌው የሚገባው ህብለ ሰረሰር ካበቃበት በታች ነው፤ እዚያ ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ የተበተኑ የነርቭ ክሮች ናቸው፣ መርፌው በመካከላቸው ያልፋል። የሚወሰደው ፈሳሽ የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ አካል ራሱ በሰዓታት ውስጥ ይተካዋል። ነገሩም አዲስ ሙከራ አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ሃይንሪክ ክቪንከ ይህን ዘዴ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1891 ነው።

ታዲያ "በማግስቱ ሞተ" የሚለው ወሬ ከየት መጣ? ውሸት ላይሆን ይችላል። ከጀርባው ፈሳሽ የሚወሰደው ክፉኛ የታመመ ልጅ ነው፤ ክፉኛ ከታመሙት መሃል ደግሞ የሚሞት አለ። እኛ መርፌውን እናየዋለን፣ ባክቴሪያውን አናየውም። ስለዚህ መርፌውን እንከሳለን። ጃንጥላ በተዘረጋ ቁጥር ስለሚዘንብ ዝናቡን ያመጣው ጃንጥላው ነው እንደ ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንናገር አናልፍም። መርፌው የማይገባበት ጊዜ አለ። ልጁ ራሱን ስቶ አንጎሉ ማበጡን የሚያሳይ ምልክት ካለው፣ አተነፋፈሱ ወይም የደም ዝውውሩ ከተዛባ፣ ደሙ የማይረጋ ከሆነ፣ መርፌው በሚገባበት ቦታ ላይ ቁስል ካለ ሐኪሙ ያዘገየዋል። መድኃኒቱ ግን አይዘገይም፤ ወዲያው ይጀመራል። የሚወስነው ሐኪሙ እንጂ የኮሪደሩ ጉባኤ አይደለም ለማለት ነው።

ብልቃጧ ውስጥ ምን ይታያል?

የላቦራቶሪ ሰዎች ምን እንደሚሠሩ ብዙዎቻችን አናውቅም። "ውጤት ስንት ሰዓት ይደርሳል?" ከማለት ውጪ ጨዋታ የለንም። እስቲ ከመስኮቱ ጀርባ እንግባ።

መጀመሪያ በዓይን ይታያል። የጤነኛ ልጅ ፈሳሽ እንደ ምንጭ ውሃ ጥርት ያለ ነው። መግል የገባበት ግን ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል።

ቀጥሎ ይቆጠራል። ባለሙያው ፈሳሹን በጥቃቅን መስመር በተሰመረ መስታወት ላይ አድርጎ በማይክሮስኮፕ ነጭ የደም ሴሎችን አንድ በአንድ ይቆጥራል። የአራስነት ጊዜውን ባለፈ ጤነኛ ልጅ ፈሳሽ ውስጥ በአንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር ከ5 አይበልጡም። በባክቴሪያ ማጅራት ገትር ግን ብዙ ጊዜ በመቶዎች፣ አልፎም በሺዎች ይሆናሉ።

ከዚያ ስኳሩና ፕሮቲኑ ይለካል። ባክቴሪያ ሲኖር ስኳሩ ይወርዳል፣ ፕሮቲኑ ይወጣል። ስኳሩ ዝቅ ማለቱ የሚታወቀው በዚያው ሰዓት ከተለካው የደም ስኳር ጋር ሲነጻጸር ነው።

ከዚያ ቀለም ይቀባል። ይህን ዘዴ ያገኘው ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ግራም ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1884። እስከ ዛሬ በስሙ ግራም ስቴይን ይባላል። ሐምራዊ ሆነው ጥንድ ጥንድ የቆሙ ክቦች ከታዩ ኒሞኮከስ ይጠረጠራል። ቀላ ያሉ፣ የቡና ፍሬ ፊት ለፊት የተጋጠመ የሚመስሉ ጥንዶች ከሆኑ ሜኒንጎኮከስ። ቀላ ያሉ ደቃቅ ዘንጎች ከሆኑ ደግሞ "ሂብ" የምንለው ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዛ ቢ።

እስከዚህ ያለው ሁሉ ሰውና ዕቃው ካለ በአንድ ሰዓት ገደማ ያልቃል። ማይክሮስኮፕ፣ መቁጠሪያ መስታወት፣ ቀለም፣ የስኳር መለኪያ። ሰማይ ቤት ያለ ቴክኖሎጂ አይደለም።

ረጅሙ ካልቸር ነው። ባክቴሪያው ምግብ ተሰጥቶት እስኪያድግ ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ይጠበቃል። ምግቡ ምን መሰላችሁ? ደም! የበግ ደም የገባበት ረጋ ያለ ምግብ ነው። ደሙ ሲሞቅ ቡናማ ስለሚሆን አንደኛውን ዓይነት "ቸኮሌት አጋር" ይሉታል፤ ቸኮሌት ግን የለበትም፣ እንዳትጎመጁ። ደሙም ከማረጃ ወለል የሚታፈስ አይደለም፤ ለዚሁ ተብሎ ከሚጠበቅ ጤነኛ በግ በንጽሕና የሚቀዳ ነው። በግ በመንጋ በሚያልፍበት ሰፈር ላደግን ልጆች፣ ላቦራቶሪ በበግ ደም እጥረት ሊቸገር ይችላል ሲባል መስማት ግርም ይላል።

"መድኃኒቱ አንድ አይደል እንዴ?"

ይህን ጥያቄ የሚያነሱት የሰፈር ሰዎች ብቻ አይደሉም። በሕሙማን ብዛት የደከሙ ሐኪሞችም ያነሱታል። ሴፍትሪያክሰን እጃችን ላይ አለ፣ ለአብዛኛው ባክቴሪያ ይሠራል፣ ታዲያ መርፌና ልቅሶ ለምን? ክርክሩ ቀላል አይደለም። መድኃኒት መጀመር ላይ እኛም እንስማማለን፤ የተጠረጠረ ልጅ ውጤት እስኪመጣ እየጠበቀ አይሞትም። ጥያቄያችን ከጀመሩ በኋላ ስላለው ነው። መቼ ነው የሚያቆሙት?

አንደኛ፣ ፈሳሹ ንጹሕ ሆኖ ከተገኘና ሌላው ምልክትም ከተስማማ ሐኪሙ መድኃኒቱን አቁሞ ልጁን ወደ ቤቱ ሊሰድ ይችላል። ካልተመረመረ ግን አሥር ቀን፣ አሥራ አራት ቀን፣ አራስ ከሆነ ሦስት ሳምንት አልጋ ላይ ነው። ያልሠራበትን ቀን የማይከፈለው አባት አሥራ አራት ቀን ከሥራ ሲቀር ምን እንደሚሆን ለቄራ ሰው አይነገርም።

ሁለተኛ፣ ሁሉም ማጅራት ገትር አንድ አይደለም። የቲቢ ማጅራት ገትር አለ፤ እሱ በሴፍትሪያክሰን አይነቃነቅም፣ ለወራት የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ይፈልጋል። የቫይረስ አለ፤ እሱ አንቲባዮቲክ ምኑም አይደለም። የፈንገስ አለ። ሳይመረመር በአንድ መርፌ የሚታከም ልጅ ሕክምና እያገኘ ይመስለናል እንጂ ላያገኝ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ብልቃጧ የምትናገረው ስለ አንድ ልጅ ብቻ አይደለም። ሜኒንጎኮከስ ከሆነ አብረው የሚያድሩ ወንድምና እህቶቹም መከላከያ መድኃኒት ያስፈልጋቸዋል። አገራችን ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሚዘረጋው የማጅራት ገትር ቀበቶ ውስጥ ናት። በ1981 ዓ.ም. ግድም በተነሳው ወረርሽኝ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ታመዋል። ያን ዓይነቱን እልቂት ያመጣ የነበረው በዋናነት "ኤ" የሚባለው የሜኒንጎኮከስ ዓይነት ነው። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ከ1 እስከ 29 ዓመት ያለው ሕዝብ በየዙሩ ተከተበ፤ ብዙዎቻችን ክንዳችንን ሰጥተናል። በቀበቶው አገሮች እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ "ኤ" አልታየም። ድል ነው! ግን ሌሎች ፊደሎች አሉ፤ "ሲ" አለ፣ "ደብልዩ" አለ፣ "ኤክስ" አለ። ነገ አንዱ ቢነሳ የትኛው ክትባት ይምጣ ለማለት የልጆች ፈሳሽ ተመርምሮ መታወቅ አለበት። የሂብ ክትባት በ1999 ዓ.ም.፣ የኒሞኮከስ ደግሞ በ2004 ዓ.ም. ወደ መደበኛው የሕፃናት ክትባት የገቡት የትኛው ባክቴሪያ ልጆችን እንደሚገድል በላቦራቶሪ ስለታወቀ ነው። ጉለሌ ያለው ፓስተር ሰፈር ስሙን ያገኘው ከቀድሞው የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው፤ ዛሬ የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እዚያ ይሠራል። ከየሆስፒታሉ ፈሳሽ ካልተላከለት ግን ኢንስቲትዩቱ ጠንቋይ አይደለም።

ጅማ ምን አገኘች?

ግምት ስንት እንደሚያሳስት በቁጥር ማየት ለምትፈልጉ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ጅማ በሚገኘው የማስተማሪያ ሆስፒታል ለሦስት ወር ያህል ማጅራት ገትር የተጠረጠሩ 218 ሕሙማን ፈሳሽ ከተለመደው ምርመራ በተጨማሪ በፒሲአር ታየ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት፣ ማለትም 117ቱ፣ ወር ያልሞላቸው አራሶች ነበሩ።

ከ218ቱ በሽታ አምጪ ተሕዋስ የተገኘባቸው 21 ብቻ ናቸው። ከ21ዱ 12ቱ ቫይረስ፣ 7ቱ ባክቴሪያ፣ 2ቱ ፈንገስ። ፒሲአር የሚፈልገው የተወሰኑትን ተሕዋስያን ስለሆነ የቀሩት ሁሉ በሽታው አልነበራቸውም ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን ከሕሙማኑ 90 በመቶ ያህሉ ከአንድ በላይ አንቲባዮቲክ ወስደዋል። ተሕዋስ የተገኘበትም ያልተገኘበትም የወሰደው የአንቲባዮቲክ ብዛትና ቀን አልተለያየም። ውጤቱ መጣም አልመጣም፣ የመርፌው ብዛት ያው!

አሁን ደግሞ ዋናዋን ስሙ። ባክቴሪያ የተገኘባቸው ሁሉ ፈሳሻቸው በዓይን ሲታይ የደፈረሰ ነበር፣ ወይም ነጭ የደም ሴሉ 75 እና ከዚያ በላይ ነበር። ገባችሁ? ውዱ ማሽን ያገኛቸውን ባክቴሪያዎች በሙሉ ዓይንና መቁጠሪያ መስታወት አስቀድመው ጠቁመው ነበር። ማሽን ቢመጣ ደስታችን ነው። እስኪመጣ ድረስ ግን "መሣሪያ የለንም" የምትለው ምክንያት ብዙ አታስኬድም። አገሪቱ ያላት ማይክሮስኮፕ ሥራ ያውቃል፤ የሚያሠራው ይፈልጋል።

የመድኃኒት ቤቷ አቋራጭ

ከሆስፒታል በፊት የሚመጣ አንድ ደጅ አለ፦ የሰፈር ፋርማሲ። ልጅ ሲተኩስ "እስቲ የሆነች ሽሮፕ ስጪኝ" እንላለን። አሞክሳሲሊን ይመጣል፣ ያለ ሐኪም ማዘዣ። ሁለት ቀን ይወስዳል፣ አይሻለውም፣ ሆስፒታል ይሄዳል፣ ከጀርባው ፈሳሽ ይወሰዳል። ካልቸሩ ግን ምንም አያበቅልም።

ለምን? አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን ሳያጠፋው አደንዝዞት ሊሆን ይችላላ! በደም ሥር የሚሰጠው ጠንካራ መርፌማ ሜኒንጎኮከስን በሁለት ሰዓት ውስጥ ከፈሳሹ ሊያጠፋው ይችላል፤ ኒሞኮከስም ከአራት ሰዓት ገደማ ጀምሮ መጥፋት ይጀምራል። ለዚህ ነው ፈሳሹ ከተቻለ ከመርፌው በፊት፣ ካልተቻለም ብዙ ሳይቆይ ይወሰድ የሚባለው። ሴሉ፣ ፕሮቲኑና ስኳሩ ግን ለቀናት ምልክታቸውን ስለሚያቆዩ "መድኃኒት ጀምሯል፣ ከእንግዲህ ምርመራው ዋጋ የለውም" ማለትም ልክ አይደለም። ያቺ ሽሮፕ ልጁን አላዳነችውም፤ የሌባውን ኮቴ ጠርጋ ለሐኪሙ መንገድ አጠፋችበት።

ሌሊቱን ማን ይሥራው?

ቅድም ያወራንላችሁ ልጅ፣ አያትየው ፈቅደው ፈሳሹ የተወሰደው እኩለ ሌሊት ካለፈ በኋላ ነበር። ከዚያስ? "የሚቆጥረው ሰው ጠዋት ነው የሚገባው" ተባለ። ብልቃጧ እስከ ንጋት ቁጭ አለች። ልጁ መድኃኒት ተጀምሮለት ስለነበር ዳነ፤ ተመስገን። ያቺ ብልቃጥ ግን ከንቱ ቀረች። ፈሳሹ ከተወሰደ በኋላ ነጭ የደም ሴሎቹ እየፈረሱ ይሄዳሉ፤ መግል የሚሠሩት ዋነኞቹ በተለመደው የክፍል ሙቀት በሁለት ሰዓት ውስጥ ግማሽ ያህላቸው ሊጠፉ ይችላሉ። ጠዋት የተቆጠረው ቁጥር የሌሊቱን ልጅ አይናገርም። "ፍሪጅ ውስጥ እናቆየው" ቢባልም ሜኒንጎኮከስና ሂብ ብርድ አይችሉም፣ ይሞታሉ። ያ ሁሉ ክርክር፣ ያ ሁሉ ልቅሶ ለባከነ ብልቃጥ!

እንግዲህ የምንጠይቀውን እናስቀምጥ።

ለሆስፒታሎችና ለከተማው ጤና ቢሮ፦ ሕፃናት በሚተኙበት ሆስፒታል ሁሉ፣ በማንኛውም ሰዓት ለተወሰደ ፈሳሽ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሴል ቁጥር፣ ስኳር፣ ፕሮቲንና ግራም ስቴይን የሚያወጣ አንድ ሰው በተራ ይመደብ። አንድ ሰው! የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ባወጣው የማጅራት ገትር መመሪያም ፈሳሹ ሳይዘገይ ተወስዶ እንዲመረመር ይመክራል። ማጅራት ገትርን እስከ 2030 ለመርታት አገሮች የተስማሙበት ዕቅድ ካሉት አምስት ምሰሶዎች አንዱም ምርመራና ሕክምና ነው።

ለሐኪሞችና ለነርሶች፦ ሥራ እንደበዛባችሁ እናያለን። ግን ከመፈረሚያው ወረቀት በፊት ያቺን ሥዕል ሳሉልን። ንጹሕ ውጤት ሲመጣም እመኑት፤ ማቆምም ሕክምና ነው።

ለፋርማሲዎች፦ የተኮሰ ሕፃን ይዞ ለመጣ ወላጅ አንቲባዮቲክ በመስጠት ፈንታ "ቶሎ ሐኪም ጋ ውሰዱት" በሉልን። ያ ምክር ልጁን ከሽሮፑ የበለጠ ይጠቅመዋል።

የቀረው የእኛ ድርሻ ነው። ይህን የምታነቡ አብዛኞቻችሁ ገና ልጅ አልወለዳችሁም። "ምን አገባን?" ትሉ ይሆናል። ያገባችኋል! ኮሪደሩ ላይ ጉባኤው ሲሰየም፣ ስልክ ተደውሎ "አንተ የተማርክ ነህ፣ አንቺ ኢንተርኔት ታያለሽ፣ ምን ትላላችሁ?" የሚባለው እኛው ነን። እማማም አባባም የእኛን አፍ ይጠብቃሉ። በዚያች ደቂቃ "እኔ እንጃ፣ ሰው ሲያወራ ሰምቻለሁ" ካልን ወረቀቱ "አልተስማማንም" ተብሎ ይፈረማል። "መርፌው ገመዱን አይነካም፣ ሐኪሙ ይቻላል ካለ ፍቀዱ፣ ውጤቱንም ዛሬውኑ ጠይቁ" ካልን ግን አንድ ሌሊት ይቀየራል፤ ምናልባትም አንድ ዕድሜ።

ሥጋ ቤት ገብተን ማኅተሙን ሳናይ አንገዛም እንላለን፤ ይኼ ኩራታችን ነው። ሆስፒታል ስንገባም ያቺው ኩራት አብራን ትግባ። "የልጁ ፈሳሽ ተመርምሯል? ስንት ሴል ተቆጠረ? ስኳሩስ?" ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም፣ ድፍረትም አይደለም። የወላጅ መብት ነው፤ የአጎትና የአክስትም።

ልጆቻችሁን፣ የእህት የወንድም ልጆቻችሁን ክትባታቸውን አስጨርሱ። ቸር ይግጠመን!